ከጎማው ስር የሚወጣው ጩኸት

የተከራየሁት ክፍል መስኮት ወደ ኮብልስቶኑ ነው የሚከፈተው። አስፋልቱ ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። ከዚያ ወደ እኛ የሚታጠፍ ሚኒባስ ፍጥነቱን ቀንሶ ቢገባም፣ ድንጋዩን እንደነካ ጩኸቱ ይብሳል። ጎረቤቶቼ ሞተሩን ያማሉ። እኔ የምጠረጥረው መንገዱን ነው።

የቤት መኪና በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሮጥ አብዛኛውን ጊዜ ከሞተሩ ይልቅ ጎማው ይጮኻል። አስፋልት ላይ የጎማው ጥርስ አየር አፍኖ ይለቃል። ኮብልስቶን ላይ ደግሞ የየድንጋዩን ጠርዝ እየመታ ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ መኪናው እያዘገመ እንኳ ይሰማል። በድንጋዮቹ መሃል የተሞላውን አሸዋ የክረምት ጎርፍ ሲያጥበው ደግሞ ድንጋዩ ይላቀቃል፤ ያኔ ጉዱ ነው።

ኮብልስቶን ከለስላሳ አስፋልት አንጻር ድምፁን ከ3 ዴሲቤል በላይ ሊጨምረው ይችላል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል እንጂ 3 ዴሲቤል ማለት በዚያው መንገድ የሚያልፈው መኪና እጥፍ እንደሆነ ነው።

ሌሊት የሚያባንነኝ ግን ባዶ አይሱዙ ነው። የፍጥነት መግቻውን ሲዘል የጭነት ሳጥኑ ይንኳኳል፤ ጭነት ቢኖረው ይሻል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የሌሊት የትራፊክ ድምፅ በአማካይ ከ45 ዴሲቤል በታች እንዲሆን ይመክራል። አማካይ ግን ድንገተኛውን ይደብቃል።

ኔዘርላንድስ አብዛኞቹን አውራ ጎዳናዎቿን ባለ ቀዳዳ አስፋልት አልብሳለች። ከአስፋልቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ ባዶ ስለሆነ አየሩ መውጫ ያገኛል፣ የዝናቡ ውሃም ይሰርጋል። ለኛ ሰፈር ግን አይሆንም፦ ቀዳዳውን ከቆሻሻ የሚያጸዳው በዝናብ ጊዜ በፍጥነት የሚሮጥ ጎማ ነው፤ እዚህ ማን ሮጦ? አቧራችን ወዲያው ይደፍነዋል።

አከራዬ ይህን ሁሉ ስነግራቸው «ኮብልስቶኑ ሳይነጠፍ የነበረው ጭቃ ተረሳህ እንዴ ልጄ?» አሉኝ። አልተረሳኝም። ስንቱ ወጣት ድንጋይ እየጠረበ እንጀራ እንደበላበትም አውቃለሁ፤ ኮብልስቶኑ ይነሳ ብዬ አልከራከርም። በሰፈሩ ስብሰባ የጠየቅሁት ሁለት ነገር ነው፦ ክረምቱ ሲወጣ አሸዋው እንዲሞላና ሲኖትራክና አይሱዙ ሌሊት በኛ መንገድ እንዳያቋርጡ። አሸዋውን ተስማሙ። ሁለተኛው ላይ የአይሱዙው ባለቤት፣ እሱም ጎረቤታችን ነው፣ እጁን አወጣ።