ልጆችን በእንስሳት ተረት ምግባር ስለ ማስተማር



ሕፃን ልጅ ምክርን ቶሎ ይሰለቻል፤ ተረትን ግን ደጋግሞ ይለምናል። «ገበታ ላይ አትስገብገብ» ብሎ አሥር ጊዜ ከመቈጣት ይልቅ፥ «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ከሚለው ምሳሌ አንዲት አጭር ተረት አውጥቶ መንገር ይበልጣል። አያ ጅቦ ግብዣ ተጠርቶ፥ እጁን ሳይታጠብ፥ ታላላቆቹም ሳይቀመጡ በጨለማ ዘሎ፥ ሥጋ ያገኘ መስሎት የበሬ ቀንድ ቢነክስ፥ ጥርሱም ተሰብሮ እያለቀሰ ወደ ጐሬው ቢመለስ፥ ልጁ ከልቡ ይሥቃል። በሣቀም ጊዜ በስግብግብነት ላይ የፈረደው አባቱ ሳይሆን ራሱ ነው።

የተረቱ ጥቅም ከዚህ ላይ ነው። ኀፍረቱን የሚሸከመው እንስሳው ስለ ሆነ፥ ልጁ ጥፋቱን ለመካድ አይጣደፍም። ወላጅ ተረቱን ጨርሶ «አየህ፥ አንተም እንደዚህ ጅብ ነህ» ያለ እንደ ሆነ ግን የሠራውን ሁሉ ያፈርሰዋል። ተረቱ አለንጋ ይሆናል፤ ልጁም ሌላ ቀን ተረት ሲጀመር ይሸሻል።

ሁለተኛም ጥንቃቄ አለ። ፈላስፋው ዣን ዣክ ሩሶ እ.ኤ.አ. በ1762 ባሳተመው «ኤሚል» በተባለው መጽሐፉ፥ ላ ፎንቴን የጻፈውን የቁራና የቀበሮ ተረት የሚማሩ ልጆች በቁራው ይሥቃሉ፥ የሚወዱት ግን ሸንጋዩን ቀበሮ ነው ሲል ነቅፏል። ነቀፌታው ለእኛም ይሠራል። በአገራችን ተረት እመት ጦጢት ብዙ ጊዜ በብልጠቷ ታሸንፋለችና፥ ልጁ ማታለልን እንደ ሙያ እንዳይቈጥረው ያሠጋል። መድኃኒቱ ተረቱን መተው ሳይሆን በመጨረሻው አንድ ጥያቄ መጨመር ነው፦ «ከእንግዲህስ ጦጢትን ማን ያምናታል?» መልሱን ግን ለልጁ እንተውለት።

በ2009 ዓ.ም. ያረፉት ተስፋዬ ሣህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለብዙ ዓመታት ተረት በመንገራቸው፥ በአካል አይቷቸው የማያውቅ ልጅ ሁሉ «አባባ ተስፋዬ» ይላቸው ነበር። ተረት ነጋሪ በልጅ ዘንድ ይህን ያህል ክብር አለው። ዳሩ ግን ልጁ ትናንት በገበታ ላይ ያደረገውን ዐውቆ የሚስማማውን ተረት የሚመርጥለት በቤቱ ያለው ወላጅ ነው። ስለዚህ ከመሥሪያ ቤት ስንመለስ፥ ከመኝታ በፊት ዐሥር ደቂቃ አንንፈጋቸው።

አንድ ነገር ብቻ እንጠንቀቅ። የአያ ጅቦን ተረት የነገረ አባት በማግስቱ ሳይታጠብ እጁን ወደ ገበታ የዘረጋ እንደ ሆነ፥ ልጁ አያ ጅቦን ለመፈለግ ጫካ መሄድ አያስፈልገውም።