አንድ ውጤት፣ ሁለት ጥቅም

በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚወስዱት «አድቫንስድ ፕሌስመንት» የተባለው ፈተና ከ1 እስከ 5 ይመዘናል። ውጤቱ በዩኒቨርሲቲ ሁለት ጥቅሞች ሊያስገኝ ይችላል፤ እነርሱም ክሬዲትና ምደባ ናቸው። ክሬዲት ለምረቃ ከሚጠየቀው የክሬዲት ሰዓት ላይ ይታሰባል፤ የትምህርት ክፍያንም ሊያቃልል ይችላል። ምደባ ግን ተማሪው ከየትኛው ኮርስ እንደሚጀምር ከመወሰን አያልፍም። ደንቡን የሚያወጣው እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ነው። በካልኩለስ ቢሲ 5 ያመጣ ተማሪ በኤም.አይ.ቲ. የመጀመሪያው የካልኩለስ ኮርስ ክሬዲት ይያዝለታል። ዳርትመዝ ኮሌጅ በአንጻሩ በ2014 እ.ኤ.አ. ከገቡት ተማሪዎች ጀምሮ ክሬዲቱን አስቀርቶ ምደባውን ብቻ አቆይቷል።

የተፈቀደን ኮርስ ሁሉ መዝለል ግን ተገቢ ነው ብለን አናምንም። ኢንተግራልን በወጉ ያልጨበጠ ተማሪ በዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን ክፍል መቸገሩ አይቀርም። ስለዚህ ከምዝገባ በፊት የሚዘለለውን ኮርስ ያለፈ ዓመት የማጠቃለያ ፈተና ፈልጎ ያለ መጽሐፍ ቢሠራው መልካም ነው።