ስለ አውቶሞቢል የፍጥነት መለኪያ እውነተኛነት

በገበያ የሚሸጥና የሚገዛ ሰው ሁሉ ሚዛኑና ቍናው እውነተኛ እንዲሆንለት ይሻል፤ ዐባይ ሚዛን የያዘ ነጋዴም በሕግና በሃይማኖት ይወቀሳል። ነገር ግን በአውቶሞቢል የሚሄድ ሰው የራሱና የመንገደኛው ሕይወት የሚመዘንበት መስፈሪያ በፊቱ ተቀምጦ ሳለ፥ እውነተኛ መሆኑን የሚመረምር ጥቂት ነው። ይኸውም የፍጥነት መለኪያው ነው።

ለብዙ ዘመን ሲሠራበት የኖረውን መለኪያ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1902 ዓ.ም. ያስመዘገበው የስትራስቡርግ ሰው ኦቶ ሹልትዘ ነው። ከካምቢዮው የሚነሣ ተጣጣፊ ሽቦ ማግኔት ያዞራል፤ ማግኔቱም ሳይነካው የአሉሚኒዩሙን ክዳን ይስባል፤ ቀጭን ሞላ ክዳኑን ስለሚይዘው መርፌው በፍጥነቱ ልክ ብቻ ይዘነብላል። በዛሬው አውቶሞቢል በሽቦው ፈንታ የኤሌክትሪክ ምልክት ገብቶአል። ሆኖም ሁለቱም የሚቈጥሩት የመንኰራኵሩን ዙር ነው፤ ስለዚህ የጎማው ቁመት ሲለወጥ ቍጥሩ ከእውነቱ ይርቃል።

ይህን በማሰብ የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን 39ኛ ደንብ፥ መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ ከቶ እንዳያሳይ ያዝዛል። አብዝቶ ቢያሳይ ግን፥ ለቤት አውቶሞቢል የእውነተኛውን ፍጥነት ዐሥረኛ እጅና 4 ኪሎሜትር እስኪደርስ ይፈቅዳል። እንግዲህ በሰዓት 80 ኪሎሜትር የሚሄድ አውቶሞቢል መለኪያው ከ80 እስከ 92 ቢያሳይ ከደንቡ አልወጣም። ይህ ስሕተት ለጥንቃቄ የታጠረ አጥር ነው።

አንዳንድ ነጂ ግን «መለኪያዬ ያበዛል» እያለ ከተወሰነው ፍጥነት ያልፋል። ደንቡ ትርፉ ከዚህ እንዳይበልጥ ይወስናል፤ ትርፍ እንዲኖር ግን ግድ አይልም። ከዚህም በላይ ማረጋገጫው የተሰጠው ለአውቶሞቢሉ ለተመደበው ጎማ ነው። ያለቀ ጎማ ቁመቱ ስለሚያንስ መለኪያው በጥቂቱ ያበዛል፤ ከተመደበው የሚበልጥ ጎማ ግን መለኪያውን ያሳንሰዋል። ልከኛ መለኪያ ባለው አውቶሞቢል፥ ከመቶ 10 እጅ የሚረዝም ጎማ ቢገባበት፥ መርፌው 80 ሲያመለክት እውነተኛው ፍጥነት 88 ነው። የፍጥነት ኃይል በራሱ ተባዝቶ ስለሚያድግ፥ ፍሬን ከተያዘ በኋላ አውቶሞቢሉ የሚንሸራተትበት ርቀት ከመቶ 21 እጅ ያህል ይጨምራል። ሕፃን መንገድ ሲሻገር ይህ ርቀት የሞትና የሕይወት ልዩነት ነው።

የኪሎሜትር ቈጣሪውም ከዚሁ ዙር ስለሚቀዳ ጉዳዩ ወደ መሥሪያ ቤት መዝገብ ይደርሳል። በዚህ ጎማ 110 ኪሎሜትር የተጓዘ አውቶሞቢል 100 ብቻ ያስመዘግባል፤ ነዳጁ ግን የ110 ነው። በመዝገቡ የሚፈርድ ሹም ንጹሑን ሾፌር በነዳጅ ስርቆት ሊጠረጥር ይችላል። የሰው ስም በጎማ ልክ እንዳይጠፋ፥ ከፍርድ በፊት መለኪያውን መመርመር ይገባል።

ምርመራውም ቀላል ነው። የኪሎሜትር ድንጋይ በተተከለበት ሜዳ መንገድ፥ መርፌው 60 ላይ ጸንቶ ሳለ፥ አብሮ የተቀመጠ ሰው አንዱ ኪሎሜትር በስንት ሴኮንድ እንዳለቀ በሰዓት ይያዝ። በ60 ሴኮንድ ቢያልቅ መለኪያው ልክ ነው፤ በ66 ቢያልቅ ያበዛል፤ በ55 ቢያልቅ ግን እውነተኛው ፍጥነት ከ65 በላይ ስለሆነ አውቶሞቢሉ ሳይታረም ሊነዳ አይገባም። ከሳተላይት ምልክት የሚቀበል ስልክም ለዚሁ ይረዳል።

ስለዚህ ጎማ የሚገዛ ሹም በአውቶሞቢሉ ላይ የተጻፈውን ልክ ይመልከት፤ ጎማ በተለወጠ ቍጥርም መለኪያው ይፈተን። ነጂም አጥሩን እንደ ትርፍ መሬት አይረስ፤ መርፌው ከተወሰነው ቍጥር እንዳያልፍ ይጠብቅ። የእህል መስፈሪያ ቢያጐድል ጕድለቱ በሌላ ቀን ይሞላል፤ በመንገድ የጠፋች ነፍስ ግን ምትክ የላትም።