ልጃችን «አልችልም» ሲል

«ሂሳብ ለእኔ አይሆንም!» ይህን ቃል ከስንት ልጆች አፍ ሰምተናል? የወላጅ መልስም የታወቀ ነው፤ «አይዞህ፣ ትችላለህ።» መልካም ቃል ነው። ነገር ግን ልጁ ደብተሩን ከፍቶ እንደገና ሲያቅተው ቃሉ ብዙ አያቆየውም። በየአዳራሹ «ትችላላችሁ» እያሉ የሚያስጨበጭቡ ንግግሮችም ማግስቱን የሚረሱት ለዚህ ይመስለኛል።

በካናዳ ተወልዶ በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው የሥነ ልቦና ምሁር አልበርት ባንዱራ ጉዳዩን ለብዙ ዓመታት አጥንቶታል። እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ ሰው አንድን ሥራ የሚጀምረው፣ የሚለፋበትና ሲከብደው የሚጸናው ችሎታ ስላለው ብቻ ሳይሆን፣ ያንን ሥራ እወጣዋለሁ ብሎ ስለሚያምን ነው። እኩል ችሎታ ካላቸው ሁለት ልጆች አንዱ ሦስተኛ ጊዜ ይሞክራል፤ ሌላው በመጀመሪያው ስሕተት እርሳሱን ያስቀምጣል። ልብ በሉ፣ ይህ ልጅ ሰነፍ ላይሆን ይችላል። አይሳካልኝም ብሎ ላመነበት ነገር ማን ይለፋል?

ታዲያ ይህ እምነት ከየት ይመጣል? ባንዱራ እባብ አጥብቀው የሚፈሩ ሰዎችን አጥንቶ ነበር። ሌላ ሰው እባብ ሲይዝ ያዩት ድፍረት አገኙ። እየተረዱ፣ ቀስ በቀስ ቀርበው በገዛ እጃቸው የያዙት ግን ይበልጥ በራሳቸው ተማመኑ። ዳዊትም በሳኦል ፊት ያነሣው፣ እግዚአብሔር ከአንበሳና ከድብ ያዳነበትን የበረሃ ልምምዱን ነበር፤ ያልለመደውን የጦር ልብስ አውልቆም የለመደውን ወንጭፍ ያዘ።

ስለዚህ የሰባተኛ ክፍሉ ልጅ ክፍልፋይ ካቃተው፣ ሳታሳፍሩት ወደ አራተኛ ክፍል መጽሐፍ መልሱት። ሦስት ጥያቄ ራሱ ይሥራ፤ ነገ አምስት። እርሳሱን ከእጁ ወስዶ የሚሠራለት ወላጅ፣ አፉ «ትችላለህ» እያለ እጁ «አትችልም» ይለዋል።

የሌሎችን ማየትም ይሠራል፤ ግን ወደ ኋላም ይጎትታል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። ይህን የሰማ ልጅ «እነርሱ ያልቻሉትን እኔ ከየት አምጥቼ?» ብሎ መጽሐፉን ቢዘጋ አያስገርምም። ለእንዲህ ያለው ልጅ ሁልጊዜ አንደኛ የሚወጣውን የጎረቤት ልጅ መጥቀስ ብዙም አይጠቅመውም፤ እንዲያውም ያሳንሰዋል። ይልቅ በአካባቢያችሁ አንድ ጊዜ ወድቆ፣ እንደገና አጥንቶ ያለፈ ወጣት ካለ ቡና ጥሩት። የትኛው ምዕራፍ እንዳስቸገረው፣ ማታ በስንት ሰዓት ያጠና እንደነበር፣ ተስፋ ሊቆርጥ ሲል ምን እንዳደረገ ለልጃችሁ ያጫውተው። እናንተ ሻይ ቡናውን እያቀረባችሁ ዝም በሉ።