ሥራው ይታያል፤ ስሙ አይጠራም

በዋሽንግተንና በአካባቢው ባሉ ሆቴሎች፣ ፓርኪንጎች፣ ሆስፒታሎችና የአረጋውያን መጦሪያዎች ውስጥ በርካታ ኢትዮጵያውያን እንደሚሠሩ የማያውቅ የለም። ከእነዚህም መካከል አንድ ዓይነት ሰው በየቦታው ይገኛል። ሥራ ከጀመረ አሥር ዓመት አልፎታል። ሰዓት አያሳልፍም፤ ሰው ሲቀር ተተክቶ ይሠራል፤ አዲስ የመጣውን ሁሉ የሚያለማምደው እሱ ነው። ያለማመደው ልጅ በሁለተኛው ዓመት አለቃው ይሆንና ሰውየው ቤቱ ገብቶ «ዘረኝነት ነው» ይላል። አንዳንድ ጊዜ እውነቱን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ ከዚህ ይቀላል፤ ስለዚህም ይበልጥ ያስቆጫል፦ እድገቱን የሚወስኑት ሰዎች ይህ ሰው እድገት እንደሚፈልግ ሰምተው አያውቁም።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባለ ላደገ ሰው «እኔ ይህን ሠርቻለሁ» ማለት ያሳፍረዋል። ይሁን እንጂ አባቶች የሚባለውን ያህል ዝምተኞች አልነበሩም። ከዘመቻ የተመለሰ ጀግና በጌታው ፊት ቆሞ ይፎክር፣ የት እንደዋለና ምን እንደሠራ ይዘረዝር፣ ግዳዩን ይጥል ነበር። ሹመትና ሽልማቱም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፉከራው ማስረጃ ነበረውና ጉራ አልተባለም።

የአሜሪካ መሥሪያ ቤትም የራሱ የፉከራ ቀን አለው፤ የዓመት ግምገማ ይባላል። ብዙ ድርጅቶች ከግምገማው በፊት ሠራተኛው ስለ ራሱ ሥራ የሚሞላው ቅጽ ይሰጣሉ። ሐበሻው «ሥራዬን በሚገባ ሠርቻለሁ» ብሎ አንድ መስመር ጽፎ ይመልሳል፤ ከጎኑ ያለው ሁለት ገጽ ይሞላል። ከስድስት ወር በኋላ ክፍት ቦታ ሲገኝ አለቃው ለበላዩ የሚያሳየው ያንኑ ወረቀት ነው። እዚያ ላይ ያልሰፈረ ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

ስለዚህ የሚያስፈልገው ጉራ ሳይሆን መዝገብ ነው። የኪስ ደብተር ይበቃል። በየትኛው ወር ስንት አዲስ ሠራተኛ እንዳለማመዱ፣ ሰው ሲጠፋ የትኛውን ሺፍት እንደሸፈኑ፣ እንግዳ ወይም ታካሚ መቼ እንዳመሰገነዎት ከነቀኑ ይጻፉ። ቅጹ ሲመጣ ከደብተሩ መገልበጥ ነው። እንግሊዝኛው ካስቸገረ ኮሌጅ የገባው ልጅ ያቃናዋል፤ ለሌላው ነገር ሁሉ ያስተረጉሙት የለ! ከዚያም አለቃውን «የሚቀጥለው የሱፐርቫይዘር ቦታ ሲከፈት መወዳደር እፈልጋለሁ፤ ምን ይጎድለኛል?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ይገባል። ይህ ልመና አይደለም። መልሱ ትምህርት ከሆነ ደግሞ ድርጅቱ ለትምህርት ይከፍል እንደሆነ ይጠይቁ። የታክስ ሕጉ አሠሪ ለሠራተኛው ትምህርት የሚከፍለውን በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ድረስ ከገቢ ታክስ ነፃ ያደርገዋል። አሠሪው የመክፈል ግዴታ የለበትም፤ ያልጠየቀ ሰው ግን መኖሩንም አያውቅም።

ችግሩ የኢትዮጵያውያን ብቻ አይደለም። ማይግሬሽን ፖሊሲ ኢንስቲትዩት የተባለው የዋሽንግተን የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጥናት፣ ከሌላ አገር ወደ አሜሪካ ከመጡ ባለዲግሪዎች ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉት ከትምህርታቸው በታች በሆነ ሥራ ላይ ወይም ያለ ሥራ እንደሚገኙ ገልጿል።

ደረጃውን የወጡትንም ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ሱፐርቫይዘርና ማናጀር የሆኑ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። አንዳንዶቹ «ለወገኑ ያዳላል» እንዳይባሉ ፈርተው፣ የሌላ አገር ሰው ቢሆን ኖሮ የሚያመሰግኑትን ሠራተኛ የአገራቸው ልጅ በመሆኑ ብቻ ስሙን ሳያነሱት ያልፋሉ። ይህ የተገለበጠ አድልዎ ነው። ማንም ያለ ችሎታው ይሾም የሚል የለም። እድገት በሚነገርበት ስብሰባ ላይ ግን ሠራተኛው ራሱ አይገኝም፤ ስሙን የሚጠራለት ሰው ያስፈልገዋል። «የሌሊቱን ሺፍት ሦስት ዓመት ያለ አንድ ቅሬታ የያዘው እገሌ ነው» የሚል ቃል፣ እውነት እስከሆነ ድረስ፣ ቡና እየጠጡ ከሚሰጥ የሰዓታት ምክር ይበልጣል። ሠራተኛው ያዘጋጀውንም ሪፖርት እሱ ራሱ እንዲያቀርበው ማድረግ ይቻላል። በአለቃ ስም የሚቀርበው የበታች ሥራ ስንት ነው!

ይህ ሁሉ ተደርጎም በሩ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ሰባተኛ ክፍል፣ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት አሠሪ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በጾታ ወይም በትውልድ አገር ምክንያት እድገት እንዳይከለክል ያዛል። «አነጋገርህ የውጭ አገር ሰው ነው» ብሎ መከልከልም፣ አነጋገሩ ሥራውን በእርግጥ የሚያደናቅፍ ካልሆነ በቀር፣ አያስኬድም። አቤቱታው የሚቀርበው ለፌዴራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ነው፤ ክፍያ የለውም፤ ጠበቃም ግድ አይደለም። ጊዜው ግን አጭር ነው። እድገቱ ከተከለከለበት ዕለት ጀምሮ 180 ቀን፣ ተመሳሳይ ሕግና ይህንኑ የሚያስፈጽም መሥሪያ ቤት ባለባቸው ግዛቶች 300 ቀን ነው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ደግሞ በ45 ቀን ውስጥ የመሥሪያ ቤታቸውን የእኩል ዕድል አማካሪ ማነጋገር አለባቸው። እዚያም ቢሆን የሚጠየቀው ቀንና ማስረጃ ስለሆነ ደብተሩን ይዘው ይሂዱ።