አንዷ ፀሐይ ኮምፒውተር ፊት ስንት ናት?

አንዲት ልጅ የፈተና ውጤቷን ከአንድ ድረ ገጽ ላይ ልታይ ነው እንበል። ስሟ ፀሐይ ነው። በስልኳ «ጸሀይ» ብላ ጻፈችና የፍለጋውን ቁልፍ ነካች። የመጣላት መልስ «በዚህ ስም የተመዘገበ ተማሪ የለም» የሚል ነው። ልጅቷ ደነገጠች። ውጤቷ ግን አልጠፋም፤ እዚያው መዝገቡ ውስጥ ተቀምጧል። ያልተገኘው የመዘገባት ሰው «ፀሐይ» ብሎ ስለጻፈ ብቻ ነው።

ለእኛ ሁለቱም አንድ ስም ናቸው፤ ስናነባቸው ድምፃቸው አይለይም። ለኮምፒውተሩ ግን ፊደል ማለት ቁጥር ነው። ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ይሰጣል። የግዕዝ ፊደላት የገቡት እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ስሪት 3.0 ላይ ነው። በዚህ መሠረት ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ ደግሞ 4736 ነው። ጸ 4920 ሲሆን ፀ 4928 ነው። ኮምፒውተሩ ሁለት ቃላትን ሲያወዳድር ቁጥሮቻቸውን ጎን ለጎን አድርጎ ያያል። አንዷ ቁጥር እንኳ ከተለየች፣ በቃ፣ ሌላ ቃል ነው። ድምፅ የሚባል ነገር አያውቅም።

እስቲ እንቁጠር። የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ፀ ወይም ጸ ብለን በ2 መንገድ መጻፍ እንችላለን። ሁለተኛውን ደግሞ በ6፤ በአማርኛ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ አንድ ዓይነት ይነበባሉና። 2 በ6 ሲባዛ 12 ይሆናል። አንዷ ፀሐይ ኮምፒውተሩ ፊት 12 ሰው ልትሆን ትችላለች ማለት ነው!

መፍትሔው ያን ያህል ከባድ አይደለም። ስሙን ዳታቤዙ ውስጥ ሁለት ጊዜ እናስቀምጠዋለን። አንደኛው ቅጂ ባለቤቱ እንደጻፈው ሳይነካ ይቀመጣል፤ ስክሪን ላይ የሚታየው እሱ ነው። ሁለተኛው ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ነው፤ እዚህ ላይ ፀን በጸ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃን በሀ እንተካለን። ተጠቃሚው የሚጽፈውንም ቃል ከመፈለጋችን በፊት በዚሁ መንገድ እንቀይረዋለን። አሁን 12ቱም አጻጻፎች «ጸሀይ» ሆነው ይገናኛሉ።

እኔም በአንድ ወቅት እዚህ ላይ ስደርስ ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር። ግን እዚሁ መተግበሪያ ላይ ትግርኛ እንጨምር። ፊደሉ ያው የግዕዝ ፊደል ስለሆነ፣ ቁልፎቹንና መልእክቶቹን ከተረጎምን የሚበቃ ይመስላል። ወጥመዱ ያለው እዚህ ጋ ነው።

በአማርኛ «ተማረ» ስንል ትምህርት ቀሰመ ማለታችንም፣ ምሕረት አገኘ ማለታችንም ሊሆን ይችላል። በትግርኛ ግን «መሃረ» አስተማረ ሲሆን «መሓረ» ይቅር አለ ነው። ሓ ከጉሮሮ ጠበቅ ብላ ስለምትወጣ የትግርኛ ተናጋሪ ጆሮ ከሃ ጋር አያምታታትም። የአማርኛውን ሕግ ትግርኛ ላይ ከጫንነው ማስተማርና ይቅር ማለት አንድ ሆነው ያርፋሉ። አማርኛውን ያስተካከለው ኮድ ትግርኛውን አበላሸ ማለት ነው።

አፋን ኦሮሞ ስንጨምር ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ ፍለጋው ትልቁንና ትንሹን ፊደል እንደ አንድ ማየት አለበት። የግዕዝ ፊደል እንዲህ ያለ ልዩነት የለውም። በቃላት መሐል የምትገባው ሁዳ የምትባል ምልክትም አለች። አንዱ ኪቦርድ ቀጥ አድርጎ ይጽፋታል፤ ቁጥሯ 39 ነው። ሌላው ጠመም ያደርጋታል፤ ቁጥሯ 8217 ይሆናል። ለዓይን ትንሽ ነጥብ ናት፤ ለኮምፒውተሩ ግን እንደ ፀ እና ጸ የተለያየች ናት።

እንግዲህ የማመሳሰል ሕጉ የቋንቋው እንጂ የፊደሉ አይደለም። ስለዚህ ፕሮግራመሮች እያንዳንዱን ጽሑፍ ሲያስቀምጡ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ የሚናገር አጭር ኮድ አብረው ያስቀምጣሉ። ሕጎቹንም ከዋናው ፕሮግራም ለይተው በየቋንቋው ያደራጃሉ። ነገ ሌላ ቋንቋ ቢመጣ የራሱን ሕግ ይዞ ይገባል፤ የቀድሞዎቹ አይነኩም።

የሰው ስምስ? ስም ቋንቋ ይሻገራል፤ የትኛው ሕግ እንደሚሠራበት ሁልጊዜ ማወቅ አይቻልም። ለዚህ ጥሩው ዘዴ በትክክል የገጠመውን ከላይ ማሳየት፣ ተቀራራቢዎቹን ደግሞ ከሥር መደርደር ነው። ሁለት ሦስት ትርፍ ስም ማየት ብዙም አይጎዳም። ከመዝገቡ ውስጥ እያለህ «የለህም» መባል ግን ይጎዳል። የፈተና ውጤት ሲሆን አንድ ቀን ያስጨንቃል፤ የሐኪም ካርድ ሲሆን ከዚያም ይከፋል።

ራሳችሁ ሞክሩት። ስልካችሁ ላይ አንድ ስም «ዓለም» ብላችሁ መዝግቡና «አለም» ብላችሁ ፈልጉት። ከተገኘ ያን መተግበሪያ የሠራ ሰው ስለ እናንተ ቋንቋ አስቦበታል። ካልተገኘ ደግሞ ከእናንተ አንዱ ወይም አንዷ የሚሠሩት ሥራ ገና አለ።