ያውቁ ኖሯል? ዋንጫ ሲያመልጥ ጣት የሚቀሰርባቸው ኮከቦች

ቡድኑ በፍጻሜ ተሸንፎ እሱ ግን የፍጻሜው ኮከብ ተብሎ የተሸለመ ተጫዋች መኖሩን ያውቁ ኖሯል? አለ! ጄሪ ዌስት ይባላል! ዘመኑ 1969 ነው (ካልተጠቀሰ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የአሜሪካው ቅርጫት ኳስ ሊግ የኤንቢኤ የፍጻሜ ኮከብ ሽልማት የተጀመረው ያን ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ተሸናፊ አላገኘውም!

ዌስት በሰባተኛው ጨዋታ ምን እንዳደረገ ይስሙ! 42 ነጥብ አስቆጠረ! ከቀለበት የተመለሱ 13 ኳሶችን ለቀመ! ነጥብ የሆኑ 12 ኳሶችን አቀበለ! ያውም የጭኑ ጡንቻ ተጎድቶ! የእሱ ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ግን በቦስተን ሴልቲክስ 108 ለ 106 ተረታ። በሁለት ነጥብ ብቻ!

የሌከርስ ባለቤት ከጨዋታው በፊት አዳራሹ ጣሪያ ስር ፊኛ አሰቅለው እንደነበርስ ሰምተዋል? ድሉ ሲበሰር ሊለቀቅ ነበር! የቦስተን ሰዎች ሽቅብ አንጋጠው አዩት፤ እልህ ተጋቡ። ፊኛው እንደተሰቀለ ቀረ!

ለዌስት የተሸለመው መኪና ነበር። ቀለሙ አረንጓዴ! የቦስተን ማሊያ ቀለም! ሰው በቁስሉ ላይ ጨው ነስንሶ ቁልፍ ሲሰጠው ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም!

ዌስት ለፍጻሜ 9 ጊዜ ደርሶ 8 ጊዜ ተሸንፏል! አሁን የኤንቢኤን አርማ ያስታውሱ። ኳስ እያነጠረ የሚታየው ያ ነጭ ምስል የማን ይመስልዎታል? አርማውን የነደፈው ሰው ከዌስት ፎቶግራፍ እንደወሰደው ተናግሯል! ስምንት ጊዜ የተሸነፈው ሰው የሊጉ ማኅተም ሆነ!

በዚያችው ሰባተኛ ጨዋታ ግዙፉ ዊልት ቻምበርሊን ሌከርስ ውስጥ ነበር። ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ ጉልበቱን አሞት ወጣ። ልመለስ አለ። አሰልጣኙ እምቢ አሉት! ጨዋታው በሁለት ነጥብ ተሸነፈ! አሰልጣኙም ብዙ ሳይቆዩ ሥራቸውን ለቀቁ።

ወቀሳው ግን በማን ላይ የወደቀ ይመስልዎታል? በዊልት! የቦስተኑ ቢል ራስል ራሱ በአደባባይ ወቀሰው። ሁለቱ ወዳጆች ከ20 ዓመት በላይ ተኳረፉ! የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ዊልት በ1962 በአንድ ጨዋታ 100 ነጥብ ማስቆጠሩን ያውቁ ይሆናል። በዚያ ዓመት በየጨዋታው በአማካይ 50.4 ነጥብ ያስቆጥር እንደነበርስ? ቡድኑ ግን ለፍጻሜ እንኳ አልደረሰም! በሰባተኛው ጨዋታ ቦስተን በሁለት ነጥብ ጣለው። ሰው ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?

ኤልጂን ቤይለርም አለ! በ1962 ፍጻሜ አምስተኛ ጨዋታ 61 ነጥብ አስቆጠረ። እስከ ዛሬ በፍጻሜ ጨዋታ ያንን የደረሰበት የለም! ጨዋታውን አሸነፉ። ዋንጫው ግን ለቦስተን ሆነ!

በዚያው ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ፣ እኩል ለእኩል ሳሉ፣ በመጨረሻዋ ቅጽበት የሳተው ፍራንክ ሴልቪ ነበር። ይህ ሰው ኮሌጅ ሳለ በአንድ ጨዋታ 100 ነጥብ ያስቆጠረ ነው! ቡድኑን አቻ ያደረጉትን ሁለት ቅርጫቶች ያገባውም እሱ ራሱ ነበር! ማን አስታወሰለት? የሚወራው ስለ ሳታት ኳስ ብቻ ነው!

ቤይለር 8 ጊዜ ለፍጻሜ ደርሶ 8 ጊዜ ተሸነፈ! በ1971 ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው ጫማውን ሰቀለ። በማግስቱ ሌከርስ ማሸነፍ ጀመረ። 33 ጨዋታ በተከታታይ! በዚያው የውድድር ዘመን ዋንጫውንም በላ! እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ለሰውየው አንጀቴ ይንሰፈሰፋል።

“ጆርዳን ቢሆን ኖሮ አይሸነፍም ነበር” የሚል ጓደኛ አለዎት? ይህን ይንገሩት! ማይክል ጆርዳን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 10 የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎችን አድርጎ ያሸነፈው አንድ ብቻ ነው! በ1986 ቦስተን ላይ 63 ነጥብ አስቆጠረ። የጥሎ ማለፍ ክብረ ወሰን! ውጤቱ? 135 ለ 131 ተሸነፈ! ቡድኑም 3 ለ 0 ተጠራርጎ ወጣ!

ያኒስ አንቴቶኩምፖ በ2023 ቡድኑ በመጀመሪያው ዙር ሲወድቅ፣ ዓመቱ ውድቀት ነው ወይ ተብሎ ተጠየቀ። ጆርዳን 15 ዓመት ተጫውቶ 6 ዋንጫ አገኘ፤ የቀሩት 9 ዓመታት ውድቀት ናቸው ወይ ብሎ ጠያቂውን መልሶ ጠየቀ! መልሱ ያምራል! ይሁን እንጂ በዚያ ምሽት ከ23 የቅጣት ውርወራዎች 13ቱን ስቶ ነበር። ይህንንም መናገር አለብን!

ሌብሮን ጄምስ በ2015 ፍጻሜ በነጥብ፣ በተመለሰ ኳስና በማቀበል ከሁለቱም ቡድኖች አንደኛ ነበር! ተሸነፈ! ኮከብ ተብሎ የተመረጠው አንድሬ ኢጉዳላ ነው። 7 ድምፅ ለ 4!

በ2018 የመጀመሪያው ፍጻሜ ጨዋታ ሌብሮን 51 ነጥብ አስቆጠረ። 107 እኩል ሳሉ፣ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ፣ የቡድን ጓደኛው ጄአር ስሚዝ ኳሷን ቀለበቱ ስር ያዘ። መወርወር ትቶ ኳሷን እያነጠረ ወደ ውጭ ሮጠ! ሰዓቱ አለቀ! በጭማሪው ሰዓት ተሸነፉ። ሌብሮን በንዴት መልበሻ ክፍል ያለውን ሰሌዳ በቡጢ መትቶ እጁን ጎዳ! የቀሩትን ሦስት ጨዋታዎች በዚያ እጅ ተጫወተ! 4 ለ 0!

በ2011 ግን ስለ ሌብሮን ጥብቅና አልቆምም! ከዳላስ ጋር በተደረገው ፍጻሜ አራተኛ ጨዋታ 8 ነጥብ ብቻ! ሌብሮን! ስምንት! ቡድኑ የተሸነፈው በ3 ነጥብ ነበር። ጥፋተኛ ነው፤ በቃ!

ካርል ማሎን “ፖስተኛው” ይባል ነበር፤ ያደርሳል ተብሎ! በ1997 የመጀመሪያው ፍጻሜ 9.2 ሰከንድ ሲቀር ሁለት የቅጣት ውርወራ አገኘ። ስኮቲ ፒፔን ጠጋ ብሎ፣ ፖስተኛ እሑድ እሑድ አይሠራም ሲል ሹክ አለው! ቀኑ እሑድ ነበር! ማሎን ሁለቱንም ሳተ! ጆርዳን በመጨረሻዋ ቅጽበት አስቆጥሮ 84 ለ 82 ዘጋው። በዚያ ዓመት ጆርዳንን በልጦ የሊጉ ኮከብ የተባለው ደግሞ ማን ነበር? ማሎን!

ኒክ አንደርሰን በ1995 ፍጻሜ፣ ቡድኑ በ3 ነጥብ እየመራ ሳለ፣ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ አራት የቅጣት ውርወራ በተከታታይ ሳተ! አንዷ ብትገባ ይበቃ ነበር! ከሁለት ዓመት በኋላ ከሚወረውራቸው ውስጥ የሚያገባው ከመቶ 40 ያህሉን ብቻ ሆኖ ነበር። እጁ ያችን ምሽት አልረሳትም!

ቤን ሲመንስ በ2021 ከቀለበቱ ስር ቆሞ፣ ፊት ለፊቱ ክፍት ሆኖ ሳለ፣ ኳሷን ለሌላ ሰው ሰጠ! ሰባተኛው ጨዋታ ነበር! ፊላደልፊያ ወደቀች። ሲመንስ ከዚያ ምሽት በኋላ ለዚያ ቡድን አንድም ጨዋታ አላደረገም!

ሂውስተን በ2018 ሰባተኛ ጨዋታ በተከታታይ 27 ባለሦስት ነጥብ ውርወራ ስቷል! ሃያ ሰባት! ይህን በአንድ ሰው ላይ ማላከክ እንኳ አይቻልም! ቢሞከርም ጄምስ ሃርደን ላይ ተሞክሯል።

የቤዝቦሉን ቢል በክነርን ያውቁታል? በ1986 ፍጻሜ ኳሷ በእግሮቹ መሃል ሾለከች፤ ቦስተን ሬድ ሶክስም ተሸነፈ። ግን ኳሷ ስትሾልክ ጨዋታው ቀድሞውኑ እኩል ሆኖ ነበር! ገና አንድ ሌላ ጨዋታም ቀርቶ ነበር! የቦስተን ሰው በ2008 በሜዳው ቆሞ አጨብጭቦለታል። ከ22 ዓመት በኋላ!

የብራዚሉ ግብ ጠባቂ ባርቦሳ ግን ያን ያህል እንኳ አልታደለም። በ1950 ዓለም ዋንጫ ማራካና ላይ ኡራጓይ 2 ለ 1 አሸነፈች፤ ጥፋቱ በእሱ ላይ ተለጠፈ። በስተርጅናው፣ በአገሩ ከፍተኛው እስራት 30 ዓመት ሆኖ ሳለ እሱ 50 ዓመት እንደተቀጣ ይናገር ነበር!

በሰፈር ኳስ “ሪጎሬ!” እያልን የምንጮኸው ቃል ጣሊያንኛ መሆኑንስ ያውቁ ኖሯል? ኮከቦችን እንደ ሪጎሬ ያዋረደ ነገር የለም!

አሳሞዋ ጂያን በ2010 ዓለም ዋንጫ፣ በጭማሪው ሰዓት የመጨረሻ ቅጽበት፣ ሪጎሬውን አግዳሚ ላይ መታው! ጋና የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት የግማሽ ፍጻሜ አገር ልትሆን አንዲት ምት ቀርቷት ነበር! ከዚያ የመለያ ምት መጣ። የጋናን የመጀመሪያ ምት ለመምታት ማን ወጣ? ራሱ ጂያን! አገባትም! ወንድ ማለት ይህ ነው! የሳቱት ሌሎች ሁለት ናቸው፤ የሚጠራው ግን የእሱ ስም ነው።

ኮትዲቯር በ2012 አፍሪካ ዋንጫ ከመጀመሪያው እስከ ፍጻሜው አንድም ግብ ሳይገባባት ዋንጫ እንዳጣች ያውቁ ኖሯል? ዲዲየ ድሮግባ በ70ኛው ደቂቃ ሪጎሬ ወደ ሰማይ ላከ! ዛምቢያ በመለያ ምት 8 ለ 7 በላች። ቦታው ሊብረቪል! በ1993 የዛምቢያ ቡድን አውሮፕላን ከዳርቻዋ ባሕር ላይ የወደቀባት ከተማ! ከሦስት ወር በኋላ ያው ድሮግባ ለቼልሲ የመጨረሻዋን መለያ ምት አግብቶ የአውሮፓን ዋንጫ አነሳ!

የዛምቢያውን ግብ ጠባቂ ኬኔዲ ምዌኔን እኛም እናውቀዋለን! ጥር 2005 ዓ.ም. ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ የሳላዲን ሰኢድን ሪጎሬ ያዳነብን እሱ ነው! ዋልያዎቹ ግን በ10 ሰው ቀርተውም በአዳነ ግርማ ግብ አቻ ወጡ!

ሰኔ 2005 ዓ.ም. በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን ያሸነፍንባትን ግብ ማን አገባት? በርናርድ ፓርከር! በራሱ መረብ ላይ! ለደቡብ አፍሪካም ቀድሞ ያስቆጠረው እሱ ነበር! ጭፈራው ሳያባራ ደግሞ መርዶ መጣ። ሁለት ቢጫ ካርድ ያለበት ተጫዋች ቦትስዋና ላይ ተሰልፏል ተብሎ 3 ነጥብ ተነጠቅን! እዚህ ላይ የትኛውን ኮከብ ልንወቅስ ነው? ካርድ መቁጠር የቢሮ ሥራ ነው! ዋልያዎቹ ያም ሆኖ አለፉ። ጥቅምት 2006 ዓ.ም. ናይጄሪያን አዲስ አበባ ላይ መምራት ጀመሩ። ከዚያ ኢማኑኤል ኢሜኒኬ ሁለት አገባ። ሁለተኛዋ ምን ነበረች? ሪጎሬ!

የሴኔጋሉ ሳዲዮ ማኔ በ2022 አፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ በ7ኛው ደቂቃ ሪጎሬ ሳተ። የመጨረሻዋን መለያ ምት አግብቶ ዋንጫውን የወሰደውም እሱ ነው! የግብፁ መሐመድ ሳላህስ? አምስተኛ መቺ ነበርና ተራው ሳይደርስ አለቀ! ሁለት ወር ሳይሞላ ዳካር አቅራቢያ ለዓለም ዋንጫ ሲገናኙ ሳላህ ለመለያ ምት ከግብፅ አንደኛ ሆኖ ወጣ። ሌዘር ፊቱ ላይ እየተብለጨለጨ ወደ ላይ ሰደዳት!

ሊዮኔል ሜሲ በ2016 ከቺሊ ጋር በተደረገው ፍጻሜ መለያ ምት ስቶ በዚያው ሌሊት ከአርጀንቲና ቡድን ተሰናበትኩ አለ! ባይመለስ ኖሮ የ2022ቱ ዓለም ዋንጫስ?

ሮቤርቶ ባጂዮን መጨረሻ ላይ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው! በ1994 ዓለም ዋንጫ ጣሊያን በጥሎ ማለፉ ከፍጻሜ በፊት 6 ግብ አስቆጠረች። አምስቱ የእሱ! ስድስተኛውንም ያገባው ባጂዮ ነው! ዲኖ ባጂዮ! ዝምድና የላቸውም! ናይጄሪያ ላይ ሮቤርቶ አቻ ያደረገው በ88ኛው ደቂቃ ነበር፤ እሱ ባይኖር ጣሊያን ሻንጣዋን ያኔውኑ ሸክፋ ነበር።

በፍጻሜው ግን ሪጎሬውን ከአግዳሚው በላይ ላከ። አንገቱን ደፍቶ የቆመበትን ፎቶ ያላየ የለም! ይህንንስ ያውቁ ኖሯል? ቢያገባት እንኳ ብራዚል ገና አንድ ምት ቀርቷት ነበር! ቤቤቶ አምስተኛዋን ለመምታት ተራውን ይጠብቅ ነበር! ከባጂዮ በፊት የሳቱ ሁለት ጣሊያናውያንም ነበሩ። ስማቸውን ያስታውሳሉ? ባሬሲ እና ማሳሮ!